የወንድሜ ሸክላና ሁለቱ ማጫወቻዎች

ወንድሜ በሕይወቱ ያስቀረጸው አንድ ሸክላ ብቻ ነው። ሞጣ አስተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር አዲስ አበባ ሄዶ በአንደኛው ገጽ ዘፈን፣ በጀርባው ክራር ብቻ አስቀርጾ መጣ። የታተመው ጥቂት ነበር፤ ያልተሸጠውን ለየወዳጁ አደለው። ከዚያ ሁሉ የተረፈው እኔ ቤት ያለው ነው። እሱ ራሱ ወደ ሰሜን ዘምቶ ቀረ። ሚስቱ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። መርዶ አልመጣም።

እናቴ ሸክላውን በነጠላ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። በእኛ አገር የሰው ልብስና ፎቶግራፍ ተይዞ የሚወጣው ለልቅሶ ነው። መርዶ ሳይመጣ ዕቃውን ማውጣት ልጄን በቁሙ መቅበር ነው ብላ ከለከለችን። እሷ ካረፈች በኋላም እኔ ሳጥኑን የምከፍተው ብል እንዳይገባበት ለማየት ብቻ ነበር።

አምና የወንድሜ ልጅ ከሞጣ ደወለችልኝ። ነርስ ናት፤ ልጆች አሏት፤ እሷም መሸበት ጀምራለች። ስልኩ ሲሠራ ጤና ተጠያይቀን ነው የምንዘጋው። በዚያ ቀን ግን አልዘጋችም። ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም፣ የአባቴን ድምፅ ሳልሰማ መሞት አልፈልግም አለች። ከዚያም ቀስ ብላ፣ “አክስቴ፣ ያንን ሸክላ ያሰሙኝ” አለችኝ።

እሺ አልኳት። ፍርሃቱ የመጣው ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ሸክላ በተጫወተ ቁጥር ይበላል። መርፌው ከከበደ ወይም ጫፉ ከተበላሸ መስመሩን ይቆፍረዋል፤ የተቆፈረ ደግሞ አይድንም። ሌላ ቅጂ የለም።

በአካባቢው የሚረቡ ማጫወቻዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው እዚሁ ብቸና፣ ድሮ ቡና ቤት ከነበራቸው አሮጊት ዘንድ፤ ሁለተኛው ሞጣ፣ የወንድሜ ጓደኛ ከነበሩ ጡረተኛ አስተማሪ ዘንድ። ሁለቱም በዘመናቸው በየቤቱ የማይገኙ ዕቃዎች ነበሩ። ዛሬም አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ከአዲስ አበባ እየደወሉ ይጠይቃሉ። ባለቤቶቹ ግን ለእኛ ቅድሚያ ሰጡን፤ የወንድሜ ልጅም የመረጥኩትን ልትገዛ ወሰነች። ምርጫውን ለእኔ የተወችው በልጅነቴ ወንድሜ ያን ጊዜ የነበረውን ማጫወቻ እንድነካ የሚፈቅደው ለእኔ ብቻ ስለነበር ነው።

የብቸናው የጃፓን ነው። ሳህኑ ከባድ ነው፤ በጠርዙ ዙሪያ የተደረደሩ ነጥቦች አሉት፤ ፍጥነቱ ልክ ሲሆን በጎኑ ባለችው ቀይ መብራት ፊት ነጥቦቹ የቆሙ ይመስላሉ። ሲነሣ ድምፅ የለውም። አንድ ጭረት እንኳ አላየሁበትም። እውነቱን ለመናገር ልቤ እሱን ወደደ። አሮጊቷ ከራሳቸው ሸክላዎች አንዱን አስቀመጡና ከመቀነታቸው ሳንቲም ፈትተው መርፌውን በያዘው የማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ ጫኑበት።

“ይኼ ደግሞ ምን ያደርጋል፣ እትዬ?”

“እንዳይዘል ነዋ። እስክስታው ሲደራ ወለሉ ይነቃነቅ ነበር፤ ያለ ሳንቲም አንድ ዘፈን አያልቅም።”

“ዛሬ እኮ የሚጨፍር የለም።”

“አንቺን ቢነሽጥሽስ በምን አውቃለሁ?” አሉና ሳቁብኝ።

ዘፋኙ ጆንያ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስል ነበር። ሲያልቅ ሸክላውን ወደ መስኮቱ አዘንብዬ አየሁት። መርፌው ፍቆት ጥቁረቱ ጠፍቷል፤ ዐመድ መስሏል። ሌሎቹንም አየኋቸው፤ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ሳንቲሙን ማንሣት ይቻላል። ነገር ግን መርፌዋ የተተከለችባት ቀጭን ዘንግ ከሸክሙ ብዛት ጎብጣለች። አዲስ መርፌ ይምጣ ቢባል መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። አመስግኜ ወጣሁ።

ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ተከፈተ ሲባል ሸክላውን በሁለት ካርቶን መሀል አድርጌ በነጠላ ጠቀለልኩትና አቅፌው ወደ ሞጣ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን አልፈን ጉንደ ወይን ስንቃረብ አስቆሙን። ሁላችንም ወረድን። መሣሪያ የያዘ ፈታሽ ጥቅሉ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የድሮ ሸክላ ነው አልኩት። አልገባውምና ፈታሁለት። ጠርዙን ሳይሆን ፊቱን በሙሉ እጁ ጨብጦ አነሣው፤ ወደ ፀሐይ አዙሮ አየው። መዳፉ አልቦት ነበር። ካስከፋሁት ይጥለዋል ብዬ አያያዙን ላርመው አልደፈርኩም።

“ይሰበራል?” አለኝ።

“ይሰበራል፣ ልጄ።”

ትንሽ ይዞት ቆየና መለሰልኝ። መኪናው ከተነሣ በኋላ እስከ ሞጣ ድረስ ከእቅፌ አላወረድኩትም።

የአስተማሪው፣ የጋሼ፣ ማጫወቻ የጀርመን ነው። ሳጥኑን በአንድ ጎን ምስጥ በልቶታል፤ ሳህኑን የሚያዞረው ትንሽ የጎማ መንኮራኩር ሲነሣ እንደ ሩቅ ወፍጮ ያጉረመርማል። ከብቸናው ጋር ቢወዳደር ለዓይንም ለጆሮም ያንሳል። ጋሼ በክንዱ ጅራት ያለችውን ክብደት እያሽከረከሩ ክንዱን አየር ላይ እንደ ሚዛን ቀጥ አድርገው አቆሙት፤ ከዚያ ለመርፌው ጥቂት ክብደት ብቻ ሰጡት። ሸክላዎቻቸውን አንድ በአንድ እያነሣሁ ተመለከትኩ። ፊታቸው ጥቁር ነው፤ ያንጸባርቃል። እዚያው ይኼኛው ይሁን አልኩ።

ጋሼ መጀመሪያ በወንድሜ ሸክላ ጀርባ እንሞክር አሉ። አብራን የነበረችው የወንድሜ ልጅ ክራሩን የመታው ማን እንደሆነ ጠየቀች። እሱ ራሱ ነው አልናት።

“እንግዲያማ እሱም የአባቴ ነው” አለች። “በምኑ ነው የምንሞክረው?”

ሙከራውን ተውነው። ዘፈኑን ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኩት። ክንዱን ማሳረፉን ለጋሼ ተውኩ፤ የጋሼ ዓይን ግን ደክሟል። “አንቺ አሳርፊው፤ መርፌ የዕለት ሥራሽ አይደል?” አሏት። ሳትስቅ ቀረበች።

መጀመሪያ መንሿሿት ተሰማ። ቀጥሎ ክራሩ ገባ። ከዚያ ወንድሜ ዘፈነ። እኔ የማውቀው ድምፅ ነበር። እሷ አንገቷን ሰበረች።

“ቀጭን ነው” አለች። “እኔ ወፍራም ነበር የመሰለኝ።”

ሁለተኛው አዝማች ላይ መብራት ጠፋ። ሳህኑ እየዘገመ፣ ድምፁም ጉድጓድ እንደሚወርድ ሰው እየወፈረና እየራቀ ሄዶ ቆመ። እሷ ክንዱን ለመያዝ ዘለለች። ጋሼ ቀደሟትና መርፌውን ቀስ ብለው አነሡት። ሸክላውን መስኮት ላይ መረመርነው። የተጎዳ አልታየንም። መብራቱን ስንጠብቅ ዋልን፤ አልመጣም።

በማግስቱ ስመለስ ሸክላውን እዚያው ተውኩት። እሷ ስጡኝ አላለችም። እኔም ያንን መንገድ ይዤው መመለስ አልቻልኩም።

ማጫወቻው አሁን እሷ ቤት ነው። ከጥቂት ቀን በፊት ስልኩ ሠርቶ አገኘኋት። የቀረውን ሰማሽው ወይ አልኳት። መብራት አለ፤ ግን አልሰማሁትም አለች።

“መሀል ላይ ቢጠፋብኝስ፣ አክስቴ?”

ሂጂና ክፈቺው አላልኳትም። ስለ ልጆቿ ጤና ጠይቄ ዘጋሁ።