በልታ የማትወፍር

ከከተማችን ከመርሳ ወደ ኩዌት በተነሣሁበት ቀን ዋዜማ ማታ ቤታችን በጎረቤት ሴቶች ተሞልቶ ነበር፤ አንዷ አብሽ፣ ሌላዋ ገንፎ ይዛ። የመጡት ሊሰናበቱኝ ብቻ ሳይሆን ሊያወፍሩኝም ነው። ወር ሙሉ ሲቀልቡኝ ከርመው ጉንጭ አላወጣሁም። እናቴ ደጋግማ "እንዲህ ሆነሽ ሄደሽ፣ ምን ሆነሽ ልትመለሺ ነው?" ትላለች።

እኛ ጋ ከአረብ አገር የተመለሰች ልጅ መናኸሪያ ስትወርድ ከሻንጣዋ በፊት የሚታየው ጉንጯ ነው። ወፍራ ከመጣች አሠሪዎቿ ደጎች ናቸው፤ ከስታ ከመጣች ተርባለች፣ ተበድላለች። ሌላ ምስክር አይጠራም። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ የሁለት ሰው በልቼ እንደ ማሽላ አገዳ የቀጠንኩ ነኝ።

ኩዌት ገባሁ። ሙቀቱ ከእኛ በታች ያለችውን የቆላ ከተማ፣ የሐራን ፀሐይ ያስመሰግናል። ሩዙም ሥጋውም አልተነፈገኝም፤ ያጣሁት እንጀራና አጠገቤ ተቀምጦ "ብዪ እንጂ!" የሚለኝን ሰው ነው። ግን በየጁምዓው በቪዲዮ ስደውል እናቴ ፊቴን አይታ፣ "ወላሂ እያስራቡሽ ነው! ገንዘቡ ይቅርብኝ፣ ነይ ልጄ" ትለኛለች። ወንድሜ ትምህርቱን ሳይጨርስ እንዴት ልምጣ? በልቻለሁ ብላት አታምነኝም። በሐሳብ እሷም እህል እንቢ ብሏት እየከሳች ሄደች።

ቤቱ ውስጥ በእርግጥ የምትራበው አሠሪዬ ማዳም ነበረች። ሰላጣ ትበላለች፣ ሚዛን ላይ ትወጣለች፣ ትቆጣለች። አንድ ቀን ሦስተኛ ሳህኔን ስጨርስ አየችኝና ትዕግሥቷ አለቀ።

"መድኃኒቱን አምጪ!"

"የምን መድኃኒት፣ ማዳም?"

"የሚያከሳሽን!"

ሻንጣዬን በርብራ እናቴ የቋጠረችልኝን በሶ አገኘች። የተቆላ ገብስ ነው፣ እንዲያውም ያፋፋል ብላት ማን ሰምቶኝ! ጠዋትና ማታ በማር በጥብጣ ጠጣችው። በሶው ሳያልቅ ቀሚሷ አልዘጋ አላት። አሁን ደግሞ "እንግዲያው በሽታ አለብሽ፣ ልጆቼን ታስይዢያለሽ" ብላ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው። ደሜንም ሳንባዬንም አስመርምሮ ምንም አጣ።

"ከዘመድሽ እንዳንቺ ያለ አለ?"

"ሟቹ አባቴ፤ ወንድሞቹም።"

"ሰው ሁሉ የበላውን እኩል አይቋጥርም" አለኝ። "ትርፉን በስብ መልክ የሚያስቀምጡት ህዋሳት ከወላጅ በሚወረስ ዘረመል ይመራሉ። ዘረመሉ አንድ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ነው። ምግብም ሥራም ድርሻ አላቸው፤ ግን የአንዱ ሰውነት ቶሎ ያከማቻል፣ ያንቺ ያቃጥለዋል። ጤነኛ ነሽ።" ወደ ማዳም ዞሮ ደግሞ፣ "እርስዎም ሰነፍ አይደሉም፤ የተሰጠዎት ሰውነት ነው" አላት።

መኪና ውስጥ አለቀሰች። አሳዘነችኝ።

በጁምዓው ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት።

"አባትሽም እንዲያ ነበር ማለት ነው?"

"አዎ፣ እማ።"

"ዘመዶቹ እኮ 'አላበላ ብለሽው ነው የከሳ' ሲሉኝ ነው የኖርኩት!" ብላ አለቀሰች፤ መልሳም ሳቀች። ምሳዋን አስመጥታ እያየኋት ጠግባ በላች። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከዚያ ወዲህ የምናወራው ስለ ዝናቡና ስለ ወንድሜ ነው። ባለፈው ጁምዓ ልንሰነባበት ስንል ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅኋት።

"በይ እንግዲህ፣ ጤና ከሆንሽ ምን ቸገረኝ፤ እዚያው ሥራሽን ሥሪ። አላህ ይጠብቅሽ" ብላ ዘጋችው።

ስልኩን እንደያዝኩ ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ። ያን ሁሉ ጁምዓ የምደውለው "ነይ" ስትለኝ ለመስማት እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።