አንድ ሰው ብቻ ያለበት ቤት

ሰፈሩ «ጋሽ ማነው» ብሎ ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም። ቁልፍ ሠሪው በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሦስቴ «ማነው?» ሳይልና በቀዳዳ ሳያጮልቅ አይከፍትም። እንኳን ሰውን፣ ነፋስንም መታወቂያ ይጠይቃል እያሉ ይስቁበታል።

ሙቀቱ የማይቻል ሲሆን የሰፈሩ አዳራሽ መጠለያ ሆነ። ትልልቅ ማራገቢያና ጄኔሬተር ገባ፤ ታጣፊ አልጋ ተደረደረ። ጡረታ የወጣችው ነርስ ደብተር ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር እሱ ደጅም ደረሰች።

«ስንት ናችሁ እዚህ ቤት? የታመመ ካለ ቀን ቀን እየወሰድን እናሳርፋለን።»

«አንድ። እኔው ብቻ።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸ! እግሮቿ ከከዷት ሦስት ዓመት ያለፋት ታላቅ እህቱ መጋረጃው ጀርባ ተኝታ ትሰማለች። አባታቸውንም እንዲሁ ደብተር የያዙ ደጋግ ሰዎች «ለጥቂት ቀን» ብለው ወስደውት አስከሬኑ ነው የተመለሰው። እትዬን ግን ለማንም አይሰጥም፤ በቃ!

ከማግስቱ ጀምሮ ሥራ ሲሄድ በሩ ላይ ከውጭ ጓጉንቸር አንጠለጠለ። «እትዬ፣ ማንም ቢያንኳኳ ድምፅሽን እንዳታሰሚ» ብሎ፣ አንድ ጆግ ውሃ አስቀምጦላት ይወጣል።

ከሰኞ ወዲህ ግን አንድ ነገር ሸተተው። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ ማታ ሲገባ ፊት ይለበልባል። እትዬ ግን ላብ የሚባል የለባትም። ማክሰኞ ፀጉሯ ታጥቦ አገኘው። ረቡዕ ብቻዋን ትስቃለች።

«ምን ያስቅሻል?»

«ምነው፣ ሳቅም ተከለከለ?»

ጎረቤቱን ልብስ አጣቢዋን ጠረጠረ። ስታልፍ ስታገድም አንድ ነገር የምታውቅ ያስመስላታል ፊቷ። ጓጉንቸሩን ቀየረ። የቁልፍ ሠሪን ጓጉንቸር ማን አባቱ ይከፍታል? ሐሙስ ማታ ጆጉን እንደሞላ ሲያገኘው ደሙ ፈላና ደግሞ ቀየረ።

አርብ ረፋድ ላይ አንድ ደንበኛ ቁልፍ ሊያስቀርጽ መጥቶ «ከታች መንገድ ያሉት ሽማግሌ ቆርቆሮ ቤታቸው ውስጥ በሙቀት ሞተው ተገኙ እኮ» አለው። ሞረዱ ከእጁ ወደቀ። ዕቃውን ለማንም አደራ ሳይል ወደ ቤቱ በረረ።

ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። ከፍቶ ሲገባ አልጋው ባዶ!

«ወሰዷት! እህቴን ወሰዷት!» እያለ ወደ አዳራሹ ሮጠ።

እትዬ እግሯን ሳፋ ውሃ ውስጥ ነክራ ከልብስ አጣቢዋ ጋር ካርታ ትጫወታለች።

«ማነው የወሰደሽ?»

«እኔው ነኝ የጠራኋቸው። ለመሆኑ የጓጉንቸሮችህን ትርፍ ቁልፍ የት ነው የምታስቀምጠው?»

አልጋዋ ሥር ነዋ! እጇን ሰደድ አድርጋ ታወጣና በመስኮት ለልብስ አጣቢዋ ታቀብላለች። በተሽከርካሪ ወንበር ወስደዋት፣ እሱ ሳይገባ ይመልሷታል።

«ይሄን ሁሉ ቀን ከኔ ተደብቀሽ?» ተናደደ፤ ሰው ፊት ስለሆነም አፈረ።

«አንድ ነኝ አልክ አይደል? የሌለች ሰው የት እንደምትውል ማን ይጠይቃታል?»

ልብስ አጣቢዋ ሳቋ አመለጣት።

«አትሳቂ አንቺ» አለች እትዬ፤ ድምፅዋ ተቀየረ። ወደ ወንድሟ ዞረች። «ቅዳሜ ዕለት ውሃው አልቆብኝ ዓይኔ ጨለመ። ይቺ ልጅ በሩን አንኳኳች። ድምፅሽን አታሰሚ ስላልከኝ ዝም አልኩ። ነፍሴ ልትወጣ እየደረሰች፣ አንተን ላለማስከፋት ብዬ ዝም አልኩ። ሰኞ ስታንኳኳ ነው የጮህኩት።»

ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ የእህቱን እርጥብ እግር ያዘ። ስንቱን ሰው ሲጠረጥር ኖሯል፤ ራሱን ግን አንድ ቀን ጠርጥሮ አያውቅም።

እትዬ ካርታዋን መልሳ አነሳች።

«በል ተነስ፣ ወንበር ላይ ተቀመጥ» አለችው። «እኔ ሙቀቱ ሳይበርድ ወደ ቤት አልሄድም።»