ስለ ልጁ ምን ይላሉ?

አሸናፊ ቡድን የሚደግፍ ሰው አላምንም። ምን ሥራ አለው? ቁጭ ብሎ ይበላል፣ ይስቃል፣ ይተኛል። የተሸናፊ ቡድን ደጋፊ ግን ሥራ አለው፤ ማን እንዳበላሸው ማጣራት አለበት። እኔ ይህን ሥራ አሜሪካ፣ ዩለስ የምትባል ከተማ ባለው አፓርትመንቴ ሳሎን ውስጥ ያለ ደመወዝ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ደመወዝ ያለው ሥራዬ ኤርፖርት ነው፤ የሠራተኞች አውቶቡስ እነዳለሁ። ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናል፣ ከተርሚናል ወደ መኪና ማቆሚያው። የከተማችን ፉትቦል ቡድንም እንደኔ አውቶቡስ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያዞርህና የተሳፈርክበት ቦታ ያወርድሃል።

ፉትቦል ስል የኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም። አሜሪካኖቹ ኳሱን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው የሚሮጡበትን ነው። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ኳርተርባክ የሚባል አንድ ሰው አለ። ኳሱ መጀመሪያ እሱ እጅ ይገባል፤ ለማን እንደሚወረውረው የሚመርጠው እሱ ነው። ፊት ለፊቱ የቆሙት ግዙፋን ሥራቸው እሱን ከመደቆስ ማዳን ነው። ሜዳው ዳር ደግሞ አሰልጣኙ ቆሞ፣ ባላጋራ ከንፈሩን እንዳያነብ አፉን በዕቅድ ወረቀቱ ሸፍኖ ያወራል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከበቀለ በኋላ ነው፤ አማርኛውን ሱዳን ካምፕ ውስጥ፣ እንግሊዝኛውን እዚህ። ከስክሪኑ ሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ዛሬም አንብቤ ሳልጨርስ ያመልጠኛል። ያ አሰልጣኝ ግን ያቺኑ አንድ ወረቀት ይዞ ስንት ዘመኑ! እሱም አንብቦ የጨረሳት አይመስለኝም። ሲሸነፍ መግለጫ ይሰጣል፦ «ቪዲዮውን አይተን እናስተካክላለን።» እኔ በቀጥታ አይቼዋለሁ፤ የሚስተካከል ነገር የለውም።

ሌሎች ደካማ ቡድኖችንም እከታተላለሁ፣ የኛው ብቸኝነት እንዳይሰማው። ወደ ሰሜን፣ ብርዱ አገር፣ አንድ ቡድን አለ፤ ሽንፈት በመጣ ቁጥር አሰልጣኝ ያባርራል። እዚህ ያለ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ሲጣላ ለሁለት እንደሚከፈለው ማለት ነው፤ ኪራዩ ይጨምራል እንጂ ጠቡ አይቀንስም። ሌላው ደግሞ በየዓመቱ ከኮሌጅ አንድ ፍልቅልቅ ኳርተርባክ ያመጣል። በመስከረም «አዳኛችን መጣ» ይሉታል። በኅዳር በክራንች ይሄዳል።

የኛን ኳርተርባክ በስሙ የሚጠራው ሐበሻ የለም። «ልጁ» ነው የምንለው። ጢማም ትልቅ ሰው ነው፣ ባለትዳር ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ልጁ ነው። ሰኞ ጠዋት አውቶቡሴ ላይ የሚወጣ ሐበሻ ሁሉ «ጤና ይስጥልኝ» ከማለቱ በፊት «ልጁ ትናንት ምን ነካው?» ይላል። እኔም ተርሚናሉ እስኪደርስ አስረዳዋለሁ።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ልጄ ትዳር ልናገር ብዬ ነው።

አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። እናቷ ሲያትል ከሄደች ቆይታለች፤ ልጅቷን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ነርስ ናት። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ለእራት ይዛ መጥታ ነበር። «ሥራህ ምንድን ነው?» አልኩት። «ኮንሰልታንት» አለኝ። «እሱ ሥራ ነው ወይስ በሽታ?» አልኩት። ዳግመኛ አላየሁትም። ሶ፣ ልጄ የምትፈራው አንድ ነገር ነው፤ አፌን።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስገባ ወጥ ቤት ቆማ ጠበቀችኝ።

«አባዬ፣ እሁድ ሽማግሌ ይመጣል። ያ አዲሰን ከተማ የሚኖረው... አብሮኝ የሚሠራው። ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ። እሁድ ግን ጨዋታ አለ።»

«አባዬ!»

«ቅዳሜ ቢመጡስ?»

«ቅዳሜ ይሠራሉ። ሊስን፣ እኔ ይሄን ሰው እፈልገዋለሁ። እንደዚያኛው ካባረርክብኝ አላናግርህም። ሲሪየስ ነኝ። ቲቪው ኦፍ ይሆናል፤ ደግ ነገር ትናገራለህ። ደግ ከሌለህ ዝም ትላለህ። ኦኬ?»

«ኦኬ።»

«ፕሮሚስ አድርግ።»

«አደረግኩ።»

ደንቡን አውቃለሁ። ሽማግሌ ቆሞ ይናገራል፤ የልጅት አባት ለምኖ ያስቀምጣል፤ ጉዳዩን ይሰማል፤ ከዚያ እሺም እምቢም ሳይል «ዘመድ ላማክር» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ቶሎ እሺ ያለ አባት ልጁን ወርውሮ ያመለጠ ይመስላል። ቀጠሮውን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደማደርገው ወስኜ ነበር። በዚያ እሁድ ቡድናችን ዕረፍት ላይ ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። ዋናው ሽማግሌ የወጣቱ አጎት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ፓስተራቸው ናቸው። ሦስተኛው የታክሲ ሾፌር ነው፤ አንዳንዴ ኤርፖርት እንተያያለን። ልጄ መኝታ ቤቷ ገብታ በሯን ገርበብ አድርጋለች፤ ሽማግሌ ፊት እንደማይወጣ ታውቃለች። ቲቪውን አላጠፋሁትም። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። ድምፅ የሌለው ቲቪ እንደጠፋ ይቆጠራል፣ በኔ ሕግ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ሳሎኑ መሐል ቆሙ።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አልኩ።

«ጉዳያችንን ሳንናገርማ አንቀመጥም።»

«በፈጣሪ ቁጭ በሉ!» አልኩ ከልቤ። ስክሪኑን ጋርደውብኝ ነበር።

አክብሮቴ ደስ አላቸውና ተቀመጡ፤ ሽማግሌውና ፓስተሩ ጀርባቸውን ለቲቪው ሰጥተው፣ ሾፌሩ ፊቱን። ወዲያው ወደኔ ዘንበል ብሎ «ስንት ለስንት ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እየተመራን ነው።»

«ሌላ አዲስ ነገር አለ?»

ፓስተሩ ሳል አሉ። ሽማግሌው ከኪሳቸው የታጠፈች ወረቀት አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉ። ንግግር ጽፈው መጥተዋል። ከወጣቱ ቅድመ አያት ጀመሩ። ወደ አያቱ ወረዱ። ጥሩ ዘር ነው፤ ግን ብዙ ነው። እሳቸው አያትየው ጋ ሲደርሱ እኛ ኳሱን አገኘን። አባትየው ጋ ሲደርሱ ወደፊት መሄድ ጀመርን። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ተስፋ ታይቶኝ ነበር። ሾፌሩም መተንፈስ አቁሟል። ሽማግሌው ወረቀታቸውን አጠፉ።

«እንግዲህ እርስዎም አባት ነዎት» አሉ። «ስለ ልጁ ምን ይላሉ?»

በዚያች ቅጽበት፣ ከራሳቸው በላይ፣ ልጁ ማንም ሳይነካው ኳሱን ለባላጋራ ተጫዋች ወረወረለት።

«ስለ ልጁ?» አልኩ። ደሜ ፈላ። «ስለ ልጁ ባይጠይቁኝ ይሻል ነበር።»

«ግድ የለም ይንገሩን። እውነቱን ልንሰማ ነው የመጣነው።»

በዕድሜዬ እውነቱን ልስማ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

«ፈሪ ነው» አልኩ።

ፓስተሩ የውሃ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ፈሪ?»

«ሰው ጠጋ ሲለው ይርበተበታል፤ እግሩ ይከዳዋል። እጁ የገባውን ነገር መያዝ አያውቅም። ለሌላ ሰው ያስረክባል!»

«ለሌላ... ሰው?»

«ለጠላት! በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ እያየ!»

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። «እውነታቸውን ነው። እኔም ታዝቤዋለሁ።»

ሽማግሌው ዞረው አፈጠጡበት። «ታዝበህ ነበር? ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«አገር ያወቀው ነው እኮ ጋሼ!»

«እርስዎስ የት አገኙት?» አሉኝ ሽማግሌው ወደኔ ዞረው።

«እዚሁ ነዋ! በየእሁዱ፣ እዚችው ሶፋ ላይ!»

«በየእሁዱ?» አሉ ፓስተሩ። «ታዲያ እኛ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የሚጫወተው ማነው?»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ፓስተር አንዳንዴ እንደዚያ ነው፤ አልፌያቸው ቀጠልኩ። «ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። ያሳደገው ሰውዬ ነው ያበላሸው። ወረቀት ይዞ ከመቆም በስተቀር ምንም የማያውቅ ሽማግሌ!»

ሽማግሌው እጃቸው ላይ ያለችውን ወረቀት አዩ። ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

«እንግዲያው ምን ይሁን ይላሉ?» ድምፃቸው ወርዷል።

«ይቀየር።»

«በማን?»

«ተጠባባቂው አለ አይደል? ስንት ዘመኑ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ! ምስኪን፤ አንድ ቀን ዕድል የሰጠው የለም።»

«ሌላ አለ?» ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። «ሌላ ሰው አለ እንዴ? ልጅቷስ ይህን ታውቃለች?»

«እሷን ምን አገባት!» አልኩ።

የመኝታ ቤቱ በር ግድግዳውን መታው። ልጄ በባዶ እግሯ፣ ግማሽ ጸጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ሳይሠራ፣ ሳሎኑ መሐል ቆመች። በደንቡ መሠረት እዚያ መገኘት አልነበረባትም።

«ኳርተርባኩን ነው!» ብላ ጮኸች። «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ስለ ኳርተርባኩ ነው የሚያወራው! ቲቪውን ነው! ዞር ብለው ይዩት!»

ሽማግሌው ዞሩ። ስክሪኑ ላይ ልጁ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ራሱን በፎጣ ሸፍኗል።

ነገሩ መጀመሪያ የገባው ሾፌሩ ነው። ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ ትከሻው ብቻ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ፓስተሩ «ጌታ ሆይ» አሉ፤ ጸሎት ይሁን ሌላ አላውቅም። እኔ የማየው ልጄን ነው። አታለቅስም። ያ ነው ያስፈራኝ። ሐሙስ ወጥ ቤት ውስጥ «አላናግርህም» ስትለኝ የነበረው ፊቷ ነው።

«ልጁ የሚሉት ይሄ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ይሄ ነው።»

«ፈሪ ያሉት?»

«አዎ።»

«ያሳደገው፣ ወረቀት የሚይዘውስ?»

«እርስዎ አይደሉም! አሰልጣኙ ነው። ይኸው፣ ይኸው መጣ።»

አሰልጣኙ እንደተለመደው አፉን ሸፍኖ ብቅ አለ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ረጅም ጊዜ አዩት። «ተማሪዎቼ ፈተና ላይ እንዲህ ነበር የሚኮርጁት» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። አሁን ግን ፊታቸውን ወደ ቲቪው አድርገው ነው።

«በሉ እንግዲህ» አሉ። «ስለኛው ልጅስ?»

«ዘመድ ላማክር» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ልጄን አየኋት። ሌላ አለ ብዬ፣ ተራ ይጠብቃል ብዬ፣ አሁን ደግሞ ቀጠሮ ብሰጥ እነዚህ ሰዎች መኪናቸው ጋ ሳይደርሱ ወሬው አዲሰን ይደርሳል። ያ አጋጣሚ ደንቡን ሁሉ ከእጄ ነጠቀኝ። የቀረኝ ደግ ነገር መናገር ብቻ ነው፤ ደግ ነገር ደግሞ አልለመደብኝም። አፌ ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ጥርስ ሆነብኝ።

«ጥሩ ልጅ ነው» አልኩ።

ሁሉም ጠበቁ።

«ሰው ሲያናግረው ይሰማል። ባለፈው መኪናዬ አልነሣ ሲለኝ ሳልጠራው ከአዲሰን ድረስ መጥቶ አስነሥቶልኛል። ኳስም አያይም።» ይህን እንደ ጉድለት ልጨምረው አስቤ ነበር፤ በመሐል ሐሳቤን ቀየርኩ። «እሺ ብያለሁ። ቀጠሮ የለም። ይውሰዳት።»

«ይውሰዳት?» አለች ልጄ። «ምንድነኝ እኔ፣ ሶፋ ነኝ?»

«ይጋቡ ማለቴ ነው!»

ልጄ መሬቱ ላይ፣ ከሽማግሌው እግር አጠገብ ቁጭ አለችና ያን ጊዜ አለቀሰች። ሽማግሌው እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ፤ የተሠራው ግማሽ ላይ፣ እንዳይበላሽ ቀስ ብለው። ፓስተሩ ባረኩ። አጠር ያለ ምርቃት ነበር፤ ለፓስተር ማለቴ ነው።

ከዚያ ሽማግሌው ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ጠየቁኝ፦ «ይሄ ምስኪን ልጅ አባት የለውም? እንዲህ አገር ሲሰድበው የሚሸመግልለት?»

«አለው። ስቴዲየም ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ ካሜራው ያሳየዋል።»

«ምን ይላል?»

አሰብኩ። አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀን አስቤበት አላውቅም።

«ያጨበጭባል» አልኩ።

«ሲሸነፍም?»

«ሲሸነፍም።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ለልጄ ይሁን ለማን አልተናገሩም። ፓስተሩ ተከተሏቸው፤ ሾፌሩም እንባውን እየጠረገ ተከተለ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አጨበጨብኩ። እያጨበጨብን ሳለ ልጁ ወደ ሜዳ ተመለሰ፣ ኳሱን ተቀበለ፣ ግራ ቀኝ አየና ለባላጋራው አስረከበ።

«ይሄ የማይረባ...» ስል ልጄ አየችኝ። አፌን ዘግቼ ማጨብጨቤን ቀጠልኩ።