የወፍጮ ቤቴ የጡት ልጅ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ዋሻችሁ ብዬ ልጆቼን ስገርፍ የኖርሁ ሰው፣ የራሴን ውሸት ደብቄ ሸመገልሁ። ስሙኝ እንጂ አትዘኑልኝ።

በደርግ ዘመን መካነ ሰላም ላይ ወፍጮ ነበረኝ። ይመር የሚባል የከላላ ሰው፣ ወላጆቹን በረሃብ ያጣ፣ እህል ይጨምርልኝ፣ ሞተሩን ያስነሳልኝ ነበር። ያኔ ሠራተኛ የቀጠረ ሁሉ እንዲያስመዘግብ ታዝዞ ነበር። ያላስመዘገበ ይቀጣል፤ ቤቱም ይታሸጋል። ሠራተኛው ሥራ ላይ ቢጎዳ ማሳከሙም መጦሩም የአሠሪው ዕዳ ነው። አላወቅሁም እንዳልል፣ ቀበሌው በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ለጎረቤቶቼ ጮክ ብዬ ያነበብሁት እኔ ነኝ። ያለ አስተማሪ ፊደል በመቁጠሬ እኮራ ነበር። ለምን ተማርሁት? ማምለጫ ልፈልግበት?

አላስመዘገብሁትም። ይልቅ ሽማግሌዎች ጠርቼ፣ አውራ ጣቴን ማር ውስጥ ነክሬ አጠባሁት። በአገራችን እንዲህ የተደረገለት ሰው የጡት ልጅ ይባላል፣ እንደ አብራክ ልጅ ይቆጠራል፤ ልጅን ደግሞ ማንም አስመዝግብ አይልም። እኔ የፈለግሁት ምስክር ነበር። ይመር ግን እጄን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። የዚያን ቀን ጉም ወፍጮ ቤቱ ድረስ ገብቶ ነበር። ጉም ይሁን ዱቄት አሁን አልለየውም፤ ብቻ ሁላችንም ነጭ ሆነን፣ መሬት ያልረገጥን እንመስል ነበር።

ከዚያ ወዲያ "አባባ፣ ብርድ ነው፣ ጋቢዎን ይደርቡ" ይለኝ ጀመር። ገበያተኞቹ "ይመር፣ ጢም ካወጣህ በኋላ ጡት ያዝህ?" ሲሉት፣ "ቀናችሁ!" ብሎ ይስቅባቸዋል። ለእኔ ማምለጫ የሆነው ለእሱ ቤት ሆኖት ነበር። ይህን አይቻለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ የሞተሩ ቀበቶ ክንዱን ያዘው። ጩኸቱ ከወፍጮው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስል ነበር። ክንዱ ተቆረጠ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ሰው መጣ።

"ሠራተኛዎ ነው?"

"ልጄ ነው" አልሁ።

ሰውየው ወደ ይመር ዞረ። "አትፍራ፤ ሠራተኛ ከሆንህ መብት አለህ።"

"አባቴ ናቸው" አለ ይመር፣ ቀና ብሎ።

ሰውየው ሄደ። እኔ እፎይ አልሁ። አዎ፣ ያ ልጅ ክንዱን አጥቶ፣ እኔ እፎይ አልሁ።

ልጄ ከሆነ ለምን አልጦርሁትም? ባለቤቴ እኛ ዘንድ መደብ ላይ ልታነጥፍለት ስትነሳ፣ "የባዳ ሸክም እስከ መቼ?" ያልኋት እኔ ነኝ። ይመር ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰማኝ። ለመንግሥት ልጄ ነው አልሁ፤ ለቤቴ ባዳ ነው አልሁ። ደመወዝተኛ ቢሆን ሕግ ያገኝ ነበር፤ ልጅ ቢሆን አባት ያገኝ ነበር። ሁለቱንም የነሳሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ባዶ እጅጌውን በገመድ አስሮ፣ የከላላን መንገድ ይዞ ወረደ።

ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም። በዚያው ዘመን ሠራተኞቻቸውን ያስመዘገቡ ጎረቤቶች ነበሩኝ። እናንተንም ማሩኝ አልላችሁም፤ ክንዱ የእናንተ አልነበረም። ይቅርታ የሚጠየቀው እሱ ነው። በሕይወት እንዳለ መንገደኞች ነግረውኛል። ከላላ በበቅሎ የሚደረስበት አገር ነው። በቅሎም ነበረኝ። አልሄድሁም።