ወንፈሌን አትንኩብኝ

እግሬ ከተቆረጠ ወዲህ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናግረኛል። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የደረሰብኝ ብዙ አያስወራም። መርሳ ገበያ ውዬ በባጃጅ ስመለስ ነው። ባለ ባጃጁ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ከልኩ በላይ ሰው ጭኖ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ይነዳል። «ቀስ በል» አልሁት። «አባባ አይስጉ፣ መንገዱን በደንብ አውቀዋለሁ» አለኝ። መንገዱን ማወቁስ ያውቀዋል። ውርጌሳ ሳንደርስ ገለበጠን። ሌላው ሰው ተጫጭሮ ተነሣ፤ የኔ ግራ እግር ከብረቱ ሥር ቀረ። ወልድያ ወስደውኝ ከጉልበቴ በታች ተቆረጠ። ነፍሴ ተረፈች፣ ተመስገን።

ቤቴ ስገባ ጠያቂ ጎረፈ። ሁሉም አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ልጄን ነው የሚጠይቃት። «ይበላሉ? እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?» እኔ እዚያው ተኝቼ አፍጥጬ አያቸዋለሁ። «የተቆረጠው እግሬ ነው፤ ጆሮዬ አለ። እኔን ጠይቁኝ» አልሁ። ልጄ አፍራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አልጋ ላይ እንዳለሁ ክረምት ገባ። መሬቴ ጦሙን አላደረም። ማሳው ከማሳዬ የሚዋሰን፣ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ አበልጄ፣ ወንፈልተኞቻችንን ሰብስቦ አርሶ ዘራልኝ። እኛ አገር ወንፈል የታወቀ ነው። ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለኔ። የዋለልህን ሰው ቀን ካልመለስህ ማንም አይሰድብህም፣ ብቻ ከርሞ አትጠራም። ለአልጋ ቁራኛና ለአቅመ ደካማ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። እሱ ለነፍስ ነው፣ ብድር የለውም።

አበልጄ ሊጠይቀኝ ሲመጣ «አጨዳ ሲደርስ ቀናችሁን እመልሳለሁ» አልሁት።

«ተወው አበልጄ፣ ለነፍሳችን ብለን ነው» አለኝ።

ደግ መናገሩ ነው። እኔ ግን እግሬ ሲቆረጥ ያላለቀስሁት ሰውዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ከንዴት የተነሣ። ከጎልማሳነቴ ጀምሮ አብሬያቸው ያጨድሁ፣ ያረስሁ፣ የወቃሁ ሰው በአንድ ክረምት የነፍስ ማዳኛቸው ሆንሁ።

«ነፍስህን በሌላ ሰው አድን» አልሁት። ሳቀ። የታመመ ሰው ይነጫነጫል ብሎ ነው የሳቀው።

ሰው ሠራሽ እግር ይሠራል ሲሉ ደሴ ሄድሁ። እግር የምትሠራው ልጅ ቁጡ ናት፣ ወደድኋት። በሁለት ብረት መሀል ሲሚንቶ ላይ ታስኬደኛለች። «እኔ የማርሰው ሲሚንቶ አይደለም፣ ጓል ላይ አስኪጅኝ» አልኋት።

«ሲሚንቶው ላይ እየተንገዳገዱ ጓል ያምርዎታል? ይልቅ ቀጥ ይበሉ፣ ዓይንዎንም ከእግርዎ ያንሡ።»

አንድ ቀን ሳታየኝ ብዙ ሄጄበት ጠባሳው ቆሰለ። «ማን ይልበሱት አለዎት? እስቲ ይናገሩ» ብላ ጮኸችብኝ። ቤቴ ያለው ሁሉ ሲያባብለኝ የተቆጣችኝ እሷ ብቻ ናት። የምድን መሆኔን ያን ጊዜ ነው ያመንሁት። ለማይድን ሰው ማን ይቆጣል?

አገሬ ተመልሼ ጓሮዬ ውስጥ በተቆፈረው አፈር ላይ መሄድ ጀመርሁ። እግሩ ጓል ላይ ይጠመዘዛል። እወድቃለሁ፣ እነሣለሁ። ባለቤቴ «ኧረ ሰው ምን ይለናል» ትላለች። «ወደቀ ይላላ። ወድቄያለሁ» እላታለሁ። መሄዱን ስለምደው ማጎንበሱ እንቢ አለኝ። መንበርከክ ግን ቻልሁ፤ ጉልበቱ የራሴ ነው። ጆንያ አጥፌ ጉልበቴ ላይ አሰርሁና የጓሮውን ሣር እያጨድሁ ተለማመድሁ።

ማሽላው ሲያሽት አበልጄ መጣ። «ሥራ አምጥቼልሃለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ። «ከማማው ሥር ጥላ አለ። እዚያ ቁጭ ብለህ ቆርቆሮ እየመታህ ወፍ ትጠብቅልናለህ።»

«ወፍ ጥበቃ የልጅ ሥራ ነው።»

«ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። አንተ ደግሞ ሥራ ፈትተሃል።»

«እኔ ሥራ አልፈታሁም፣ ሥራ ከለከላችሁኝ እንጂ» ብዬ በሩን አሳየሁት። የልጄን ክርስትና አባት በር ማሳየት ነውር ነው፤ አውቃለሁ። አልተጸጸትሁም።

ኅዳር ላይ የሱ ጤፍ ደረሰ። በአጨዳው ቀን ማንም አልጠራኝም። ማጭዴን ይዤ ሄድሁ።

«ምን ልትሆን መጣህ?» አለኝ።

«ቀንህን ልመልስ።»

«ብትወድቅ ለልጅህ ምን እላታለሁ?»

«ወደቀ በላት።»

ማጭዴን ሊቀበለኝ እጀታውን ያዘ። እኔም አልለቅም አልሁ። ሁለት ሽማግሌ በአንድ ማጭድ ስንጓተት የወንፈሉ ጎረምሶች አንገታቸውን ደፍተው ሳቃቸውን ዋጡ። በመጨረሻ «እንግዲህ የራስህ ጉዳይ» ብሎ ለቀቀኝ።

ከዳር ገብቼ ተንበረከክሁ። ጎረምሶቹ ጥለውኝ እንዳይሄዱ እጃቸውን አዘገዩ። «ሂዱ፣ ቀብር ሸኚ ይመስል ምን ያንቀራፍፋችኋል?» አልኋቸው። ሄዱ፣ ብቻዬን ቀረሁ። ጉልበቴ እየለበለበኝ አጨድሁ።

ረፋድ ላይ አበልጄ ነዶ ሊሰበስብ በኋላዬ መጣ። ቆሞ ያጨድሁትን አየ። አየና ጮኸ።

«ይኼ ምንድን ነው? የሰጠሁህ ጤፍ ነው ወይስ በግ? ከላይ ከላይ ሸልተህ ሥሩን ለማን ተውኸው? በሬዎቼ ጭድ አጥተው አፈር ይብሉ?»

ጎረምሶቹ ከአጨዳቸው ቀና አሉ። አንዱ ጎረምሳ «ኧረ ጋሼ፣ እሳቸውን እንኳ ይተዉአቸው» ሲል ሰማሁ።

«እሳቸው ምን ሆኑ? ማጭድ ይዘው የለም እንዴ?» አለው።

እውነቱን ነው። ተንበርክኬ እጄን ዝቅ ማድረጉ ከብዶኝ ከፍ አድርጌ ስቆርጥ ኖሯል፤ አላስተዋልሁትም። አላመንሁለትም ግን። «ጤፍህ ተኝቶ ነው» አልሁት።

«የተኛ ጤፍም የሚታጨደው ከሥሩ ነው።»

ወደ ኋላ ተመልሼ በግራ ክርኔ እየተደገፍሁ እንደገና ከሥሩ አጨድሁት። ማንም አላገዘኝም፣ እግዜር ይስጣቸው።

ምሳ ላይ አበልጄ ጉርሻውን ሳይውጥ «ነገ የታችኛው ማሳ ነው» አለኝ። «ማጭድህን ሳልና ና። እንደ ዛሬው ከሸለትኸው ግን እመልስሃለሁ።»

«ማጭዴ ስል ነው።»

«እንግዲያው ዓይንህን ሳለው።»

ጎረምሶቹ በዚህ ጊዜ ሳቃቸውን አልዋጡም።

ቤቴ ገብቼ እግሩን ሳወልቀው ጉልበቴ ደምቷል። ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ብነግራት ነገ ቁጭ በል ትለኛለች።