ከደብረ ብርሃን በእግር የመጣው መድኃኒት

በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ክፍል የመጥረጊያና የተሰባበረ አልጋ ማስቀመጫ ነበር። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ግርማ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ከፈቱና «እንግዲህ ቢሮሽ ይኸው ነው» አሉኝ። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ አንኮበር ወረዳ ተመድቤ ነበር።

«ለመሆኑ ማንን ልታክሚ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የታመመውን ነዋ።»

«እዚህ አገር እንዲህ ያለ በሽተኛ ጤና ጣቢያ አይመጣም። ጠበል ነው የሚሄደው። ለማንኛውም ክትባት ክፍል ሰው ስላነሰን እዚያ ታግዣለሽ።»

አገዝኩ። ሕፃናት ስከትብ ሦስት ሳምንት አለፈ። በምሳ ሰዓት ክፍሌን ጠርጌ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አስገባሁ። መዝገቤ ላይ ግን አንድም ስም አልሰፈረም።

አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘነበች በሬ ላይ ቆመች። «ሲስተር አስካለ፣ ብትጠብቂያቸው አይመጡም። እኛ እንሂድ» አለችኝ። ወደ ቄስ ማሞ ቤት ልትወስደኝ ነው። ሴት ልጃቸው ብርቄ አስተማሪ ነበረች። ከታመመች ሁለት ዓመት አልፏታል።

ጤና ጣቢያው ካለበት ከጎረቤላ ከተማ ቁልቁል አንድ ሰዓት ተኩል ተጓዝን። ብርቄ እግሯ ከምሰሶው ጋር በሰንሰለት ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከማይታይ ሰው ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ትነጋገራለች። ቁርጭምጭሚቷ ቆስሏል። ስገባ ቀና ብላም አላየችኝ።

«ጨክኜ እንዳይመስልሽ ልጄ» አሉ ቄስ ማሞ። «ሁለት ጊዜ ከገደሉ አፋፍ ነው የመለስኳት።»

አመንኳቸው። እንዲህ ያደረገ አባት ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ያሳየው ሰው ስለሌለ ነው። ቁስሏን አጥቤ ጨርሼ ለሕመሟ የሚዋጥ መድኃኒት እንዳለ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠበል ላይ ናት። ጠበል የያዘ ሰው ክኒን አይነካም።»

መደርደሪያቸው ላይ የክኒን ማሸጊያ አየሁና «ይኼ የማን ነው አባ?» አልኳቸው።

«የኔ ነው። የደም ግፊት።»

«እርስዎስ ጠበል ሲጠጡ ያቋርጡታል?»

«ለምን አቋርጣለሁ?» አሉ። ማሸጊያውን አንስተው አገላበጡት። ከዚያ ብርቄን አዩዋት። «ሁለቱም ይሁንላት» አሉ በመጨረሻ።

ሰንሰለቱን ዛሬውኑ ይፍቱ አላልኳቸውም። ዘነበች በየቀኑ እየሄደች ብርቄ ክኒኑን መዋጧን ታያለች፤ እኔ በየሳምንቱ እወርዳለሁ። በአራተኛው ሳምንት ብርቄ ፊቴን አየችና «ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» አለች። ሐሙስ ነው አልኳት። «ታዲያ ተማሪዎቼ ማን ጋ ናቸው?» አባቷ ወደ ውጭ ወጡ። ሲመለሱ ቁልፉን ይዘው ነበር። ጉልበታቸው ላይ ተንበርክከው ራሳቸው ፈቱላት።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ገበያ ወረደ። ከአልዩ አምባ ሐጂ ከድር የሚባሉ ነጋዴ ባለቤታቸውን በበቅሎ አምጥተው «ቄሱ ናቸው የላኩኝ» አሉኝ። ሴትየዋ የሚጥል በሽታ አለባቸው፤ እሳት ላይ ወድቀው እጃቸው ተቃጥሏል። በመድኃኒቱ ሦስት ወር ሳይወድቁ ሲቆዩ ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ከጎረቤቶቻቸው ሁለት ሰው ጨምረው መጡ። ዓመት ሳይሞላ የመዝገቤ የመጀመሪያ ደብተር አለቀ።

ከዚያ ክፉ ጊዜ መጣ። ተኩስ ይሰማል፤ መኪና ቆመ፤ ትምህርት ቤትም ተዘጋ። ቀድሞ በሬን የማይረግጡ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። «ልቤ ይመታል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «በር ሲንኳኳ እንቀጠቀጣለሁ» ይላሉ። ለአብዛኞቹ ክኒን አልሰጠሁም። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ሣሩ ላይ በክብ እያስቀመጥኩ እንዲነጋገሩ አደረግሁ። አንዱ ሲናገር ሌላው «እኔም እኮ» ሲል፣ ብቻውን እንዳልሆነ ሲያውቅ፣ ትከሻው ዝቅ ሲል ይታየኝ ነበር።

አንድ ጠዋት አቶ ግርማ ገብተው በሩን ዘጉ። የበሽተኛ ስም ሊነግሩኝ መስሎኝ እስክሪብቶ አነሳሁ። «አትጻፊው» አሉ። «ለራሴ ነው።» ሳምንት ሙሉ አልተኙም። ምግብ አይወርድላቸውም። ሠራተኛው ፊት ጠንካራ መምሰል አድክሟቸዋል። አንድ ሰዓት ያህል አወሩ፤ ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። ይህን የምጽፈው «ጻፊው፣ ሌላውም አይፈር» ስላሉኝ ነው።

በዚያው ወር የመድኃኒት ካቢኔውን ከፍቼ ቆጠርኩ። የቀረው ለአሥር ቀን የሚበቃ ብቻ ነበር።

«ከላይ ትዕዛዝ እንጠብቅ» አሉ አቶ ግርማ። «መኪና የለም፤ አንቺን ልኬ አንድ ነገር ብትሆኚ ምን እላለሁ?»

መዝገቡን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁ። ክኒኑ ሲቋረጥ ማን እንደሚወድቅ፣ ማን ወደ ገደሉ እንደሚሄድ በስም በስሙ አነበብኩላቸው። ብርቄ ጋ ስደርስ «በቃ» አሉና ደብዳቤውን በእጃቸው ጽፈው ማኅተም መቱበት።

ሐጂ ከድር ሁለት በቅሎ አመጡ። «መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ። ኢንሻአላህ እንደርሳለን» አሉ። ዳገቱን በእግራችን ወጣን። ከላይ ንፋሱ ፊት ይገርፋል። ሁለት ቦታ ታጣቂዎች አስቁመው ፈተሹን፤ ደብዳቤውን አይተው አሳለፉን። በመንገድ በሐጂ ዘመድ ቤት አድረን በማግሥቱ ደብረ ብርሃን ገባን።

የመድኃኒት መጋዘኑ ባለሙያ ደብዳቤውን አነበበና ጭቃ የለበሰ ጫማዬን አየ። «በምን መጣችሁ?»

«በእግር።»

ተነስቶ ካርቶኖቹን ራሱ አሸገ፤ ዝናብ እንዳይነካቸው በላስቲክ ጠቀለላቸው። የሦስት ወር መድኃኒት ነበር።

ከሄድን በአምስተኛው ቀን ወደ ጎረቤላ ስንመለስ ግቢው በሰው ሞልቶ ደረስን። በቅሎዎቹን ሲያዩ እልልታው ቀለጠ። እግሬ አብጦ መቆም አቃተኝ። ሰው ሁሉ ወደ ካርቶኑ ሲጋፋ አንዲት ሴት «ተሰለፉ! በየተራ!» ብላ ጮኸች። ብርቄ ናት። መዝገቡን ከእጄ ወስዳ ስም ትጠራ ጀመር። ያልሰማውን ትደግምለታለች፤ የተጋፋውን ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። አባቷ አጥሩ ሥር ቆመው ያዩዋታል። ያን ቀን መድኃኒት ያልደረሰው ሰው አልነበረም። ቆይቶ መንገዱ እስኪከፈት ድረስም ከመዝገቤ ላይ መድኃኒቱ የተቋረጠበት ሰው አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ብርቄ ልመለስ አለች። ርዕሰ መምህሩ እኔን አስጠሩኝ። «ልጆቹ ፊት ብትታመምስ?»

«እርስዎ በወባ ቢታመሙ ምን ይሆናሉ?»

«ፈቃድ ወስጄ እታከማለሁ።»

«እሷም እንደዚያው።»

አራተኛ ክፍልን ሰጧት።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጠራ። ቄስ ማሞ ናቸው። «ስሚ» አሉኝ። ስልኩን ወደ ክፍሉ መስኮት አስጠግተውት ኖሯል። ብርቄ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፤ ሕፃናቱ ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ ተቀብለው ይደግማሉ። ክትባት ክፍል ውስጥ መርፌ ይዤ ነበር። አስቀምጬው እስኪጨርሱ ሰማሁ።

አሁን ለሥራው አዲስ ለሆኑ ነርሶች የምነግራቸው ይህን ነው። በሽተኛው እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ቤቱ ሂዱ። ቤተሰቡን አትክሰሱ፤ አሠልጥኑት። መድኃኒት ከጀመራችሁለት ደግሞ እንዳይቋረጥበት ማድረግ የእናንተ ሥራ ነው፤ መኪና ባይኖርም።