ያልገዛነው አምፕሊፋየር

ባለፈው ኅዳር ከአምቦ ወደ ጉደር በሚኒባስ ስሄድ የበሩ ስፒከር ተቀዶ ኖሮ ዘፈኑ ሁሉ እየነዘረ ይወጣ ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ሾፌሩን ጆሯቸውን ስለበላቸው እንዲዘጋላቸው ለመኑት። እጁን ሲዘረጋ ሳላስበው "ተወው ባክህ፣ ትንሽ እንስማው" አልኩ። ሴትየዋ ዘወር ብለው ሲያዩኝ የጤናዬን ነገር እንደተጠራጠሩ ገባኝ። አልፈርድባቸውም። ለሌላው ሰው ብልሽት የሆነ ድምፅ እኔን ወደ ወጣትነቴ የሚመልሰኝ ለምን እንደሆነ በዚያች አጭር መንገድ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት በፊት አምቦ ውስጥ የእርሻ ትምህርት ተማሪ ነበርኩ፤ ገና የመጀመሪያ ዓመት። ከሸነን የመጣሁ፣ ደብተሬን በጋዜጣ የምለብድ፣ አስተማሪ ስሜን ጠርቶ ሳይጨርስ ከመቀመጫዬ የምነሣ ልጅ ነበርኩ። ነባሮቹ ተማሪዎች እኔንና መሰሎቼን በጅምላ "ፍሬሽ" ይሉን ነበር። ጊታር የለመድኩት ሸነን ካስተማረን አንድ የውጭ አገር መምህር ነው፤ ወደ አገሩ ሲመለስ አሮጌ የእንጨት ጊታሩን ትቶልኝ ሄዷል።

ትምህርት ቤቱ ባንድ ነበረው፤ ድራም፣ ሳክስፎን፣ አኮርዲዮን፣ አንዲት ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታርም ነበረችበት። ጊታሯ ግን አምፕሊፋየር አልነበራትም። የነበረው የአንድ ተማሪ የግል ንብረት ስለነበር ሲመረቅ ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ ከሚነገርበት ድምፅ ማጉያ ጋር ሲያገናኟት የምታወጣው ድምፅ ደጋ ላይ ብርድ የመታው የጄልዱ በግ የሚያሰማውን ዓይነት ነበር።

የባንዱ መሪ ሰለሞን የሚባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ሳክስፎን ይጫወታል፣ ሲናገርም ሳክስፎኑን እንደ አለንጋ ያወዛውዛል። የዓመቱ መዝጊያ በዓል ሲቃረብ ሰብስቦን፣ "ጊታሯን እንደ ያ ሰው የሚያናግራት ካለ ቦታው የሱ ነው። ከሌለ አኮርዲዮን ይበቃናል" አለ። እጄን አወጣሁ። ሁሉም ሳቁ።

"ፍሬሽ፣ እጅህን አውርድ። ክፍል ውስጥ አይደለህም" አለኝ ሰለሞን።

ሆኖም ዕድሉን አልነፈገኝም። ባንዱ ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዤ፣ ድራም የሚመታው ጋሻው አብሮኝ ሄዶ፣ ያንን ድምፅ የሚያወጣ በአቅማችን የሚገኝ አምፕሊፋየር ከአዲስ አበባ መርጠን እንድንመጣ ተወሰነ። ካልሆነልኝ በዓሉ ላይ ወንበር ደርዳሪ ነኝ።

"ያ ሰው" ስንል በዘመኑ ከጊታር ተጫዋቾች ሁሉ ስሙ የገነነውን ማለታችን ነው። መልኩን አላየነውም። የምናውቀው ቅዳሜ ከሰዓት በሬዲዮ ሲጫወት፣ ያውም ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ባለው በአዴ ጫልቱ ሻይ ቤት ነው። የአዴ ጫልቱ ባል ኦቦ ፈይሳ በወለጋ መንገድ የጭነት መኪና ስለሚነዱ በቆሎ ከባኮ ያመጣሉ፤ ሻዩ ከንፍሮ ጋር ይቀርባል። ጥግ ባለ ጠረጴዛ ላይ፣ ፊቱ ጨርቅ የለበሰ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ተቀምጧል። ያ ሰው ሲጫወት ማውራት ክልክል ነበር። አንዱ ካወራ አዴ ጫልቱ፣ "ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ወይ ጠጣ ወይ ስማ" ይሉታል።

የድምፁን ነገር እንዴት ልናገረው? ክሩ ሲነካ መጀመሪያ ጥርት ይላል። ከዚያ ሊጠፋ ሲል፣ ጭራው ላይ፣ ባዶ ቅል ውስጥ የገባች ንብ የምታሰማው ዓይነት ንዝረት ይከተለዋል። እኛ "ንቢቱ" እንላት ነበር። ብዙ ሰው ጣቶቹን ሲያደንቅ እኔ የምጠብቀው ንቢቱን ነበር። ከተኛሁም በኋላ ትሰማኛለች።

ቅዳሜ ማለዳ በአውቶቡስ ተነሣን። የግንቦት ዝናብ ጀምሮ ነበርና ከጊንጪ ወዲያ የመንገዱ ዳርና ዳር እርጥብ አፈር ይሸታል። ፒያሳ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። ባለ ሱቁ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ከገበሬ አገር መምጣታችንን ከጫማችን ጭቃ ቢረዱም አልናቁንም፤ ሦስት አምፕሊፋየር አውጥተው ጊታር ሰጡኝ። የመጀመሪያው ዋጋው ሲነገር ጋሻው ወደ መንገዱ አየ። ሁለተኛው ደህና ነበር፣ ግን እሱም ከአቅማችን በላይ ነው። ሦስተኛው ትንሽና ግራጫ ሲሆን ገንዘባችን ይበቃዋል። ጋሻው ገና ሳይሰካ በጣቱ ይደበድበው ጀመር።

ያ ሰው ሁልጊዜ የሚጀምርበትን ዜማ ተጫወትኩ። ድምፁ ያምር ነበር። እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ያለ ነው። ደገምኩት። ሠለስኩት።

"ንቢቱ የለችም" አልኩ።

ሽማግሌው የምን ንብ እንደሆነ ጠየቁኝ። በአፌ እያሰማሁ አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በጥሞና አዳመጡኝና፣ "ልጄ፣ ያ ሰው የሚጫወተው በዚሁ ዓይነት ነው። አንተ የቆምክበት ቆሞ፣ ሞክሮ ነው የገዛው" አሉ።

እኔ ለታላቅ ሰው እምቢ ብዬ የማላውቅ ልጅ፣ ጊታሩን በሁለት እጄ መለስኩላቸውና እጅ ነስቼ፣ "ይቅርታ አባቴ፣ አይሆንም" አልኩ። ጋሻው ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

"አብደሃል? ሰውየው ራሱ የመረጠውን አንተ ትመልሳለህ?"

"ሰውየው ምን እንደገዛ አላውቅም። ድምፁን ግን አውቀዋለሁ" አልኩት።

አምፕሊፋየር ሳይዙ ከፒያሳ መመለስ ለጋሻው ሞት ነበር። በአውቶቡሱ መስኮት እያየ አላናግር አለኝ። ሆለታ ላይ ለዳቦና ሻይ ስንወርድ ግን የቡና ቤቱ ሬዲዮ ተከፍቷል፤ ከሣጥኑ የወጣ የሚመስል አዲስ ሬዲዮ ነው። የቅዳሜው ዝግጅት ተጀምሮ ያ ሰው እየተጫወተ ነበር። ጣቶቹ የሱ ናቸው፤ ዜማውም ያው ነው። ድምፁ ግን እንደ ግራጫዋ አምፕሊፋየር ኩልል ብሎ መጥቶ፣ ጭራው ላይ ዝም ብሎ ይጠፋል።

ጋሻው ዳቦውን አፉ ውስጥ እንደያዘ አየኝ። ዋጥ አደረገና ቀስ ብሎ፣ "ንቢቱ የአዴ ጫልቱ ናት" አለ።

ነገሩ ያኔ ተገለጠልን። ሬዲዮዋ ገና አዲስ ሳለች ከኦቦ ፈይሳ መኪና ላይ ወድቃ የስፒከሯ ወረቀት እንደተቀደደ፣ እሳቸውም በዱቄት ሙጫ እንደለጠፉት፣ አዴ ጫልቱ ስንት ጊዜ እየሳቁ ነግረውናል። እኛ ግን ያንን ቅዳጅ ከዚያ ሰው ጥበብ ቆጥረነው ኖሯል። የምንፈልገው ድምፅ ፒያሳ ቀርቶ የትም ሱቅ አልነበረም።

ጋሻው ተመልሰን ግራጫዋን እንግዛ አለ። ያ ሰው ራሱ የሚጫወተው በሷው ዓይነት እስከሆነ ድረስ ሰለሞን ምን ይለናል? እኔ ግን አሰብኩበት። በዓሉ ላይ የሚቀመጠው የአምቦ ሰው ነው። የአምቦ ሰው ያንን ሰው የሚያውቀው ንብ ይዞ ነው። ያለ ንብ ብጫወት፣ ትክክለኛውን የሱን ድምፅ እየሰሙም "ይሄማ እሱ አይደለም" ይሉኛል። ይህን ስነግረው፣ "ፍሬሽ ባትሆን ኖሮ አምንህ ነበር" አለኝ። ቢሆንም አመነኝ።

በሳምንቱ ጊታሯን ይዘን ሻይ ቤት ሄድን። ከሬዲዮዋ ጀርባ ሸክላ ማጫወቻ የሚሰካበት ቀዳዳ አለ። ጋሻው የጊታሯን ገመድ ጫፍ ልጦ እዚያ አስገባው፤ አዴ ጫልቱ እጃቸውን ሬዲዮዋ ላይ ጭነው እንደ ታማሚ ልጅ ይጠብቋታል። የመጀመሪያውን ክር ነካሁ። ንቢቱ መጣች። በር አጠገብ ሻይ የሚጠጣ ጋሪ ነጂ ጀርባውን እንደሰጠን፣ "ዝም በሉ፣ ጀመረ" አለ።

ከዚያ በላይ ምስክር አላስፈለገኝም። አዴ ጫልቱን ሬዲዮዋን ለአንድ ቀን እንዲያውሱን ለመንኳቸው።

"ሬዲዮዬ ብቻዋን የትም አትሄድም። ኦቦ ፈይሳ ከነቀምቴ ሲመለስ 'ሬዲዮዋስ?' ቢለኝ 'ጭፈራ ሄደች' ልበለው?" አሉ።

"እንግዲያው እርስዎም አብረዋት ይምጡ" አልኩ።

መጡ። የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ መድረኩ ላይ ከሬዲዮዋ አጠገብ ወንበር አስቀርበው፣ አንድ እጃቸውን ጭነውባት ተቀመጡ። ሰለሞን ሲያየን ፊቱ ጠቆረ።

"አምፕሊፋየር አምጣ ብለን ላክንህ፤ ሬዲዮ ከነባለቤቷ ይዘህ መጣህ። ዜና ልታሰማን ነው?"

የአኮርዲዮኑ ልጅ ማንገቻውን ትከሻው ላይ አጥልቆ ቆሟል። የማስታወቂያውን ማይክሮፎን ከሬዲዮዋ ፊት አቆምንና ሬዲዮዋን አበራናት። የዚያን ዘመን ሬዲዮ ደግሞ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ክር ብነካ ዝም። አዳራሹ መሳቅ ጀመረ። ጋሻው ከድራሙ ኋላ ግንባሩን ጠረገ። እኔ ግን፣ እንዴት እንደሆነ ዛሬም ይገርመኛል፣ ምንም አልፈራሁም። ጣቴን ክሩ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

መጀመሪያ ከሩቅ መጣች፤ ከዚያ አዳራሹን ሞላችው። ሳቁ ቆመ። ወጥ ቤት ያሉት ጭልፋ እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። ከተጋበዙት የአምቦ ሽማግሌዎች አንዱ ተነሥቶ ያንን ሰው በዓይኑ ሲፈልገው አየሁት። ሰለሞን የሚገባበትን ቦታ አልፎት ቆሞ ቀረ፤ በሁለተኛው ዙር ነው ሳክስፎኑን አፉ ያደረሰው። ጭብጨባው ሲመጣ አዴ ጫልቱ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ግራና ቀኝ እጅ እየነሱ ተቀበሉት። ሰለሞን እኔን አላየኝም። ወደ አኮርዲዮኑ ልጅ ዞሮ፣ "ወደ ሣጥኑ መልሰው" ብቻ አለ። በትምህርት ዘመኔ ሁሉ ጊታሯ የእኔ ሆነች።

ያኔ የመረጥኩት ትክክል እንደነበር ዛሬም አልጠራጠርም። ሽማግሌው ባለ ሱቅ አልዋሹኝም፤ ጋሻውም አልተሳሳተም። ግን ያ ሰው አምቦ የደረሰው ብቻውን አልነበረም። እኛ ጋ እስኪደርስ መኪናው፣ አወዳደቁና የዱቄት ሙጫው የየድርሻቸውን ጨምረውበታል፤ እኔም የወደድኩት እንዲያ ሆኖ የደረሰውን ነው። ልጄ በቅርቡ የዚያን ሰው ሥራዎች ድምፃቸው ጠርቶ እንደገና የታተሙበትን ሲዲ ገዝታ አመጣችልኝ። እያከበርኩ እሰማቸዋለሁ። አንዱ እንኳ የሚያመልጥ ድምፅ የለም። ልጄ አይታ "አባዬ፣ አልወደድከውም እንዴ?" ትለኛለች። እወደዋለሁ እላታለሁ፤ እውነቴን ነው። ግን እያንዳንዱ ድምፅ ሊያልቅ ሲል ጆሮዬን አቀናለሁ፤ ገና አንድ ነገር የሚቀረው ይመስለኛል።